ያልተቆጠረችው እናት፦ ከጎንደር ሆስፒታል መዝገብ እስከ ዳባት ደጃፍ

አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል በጎንደርም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ክርስቲያኑ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ልብ በሉ፣ የሚባለው «ማረችሽ» ነው። ቃሉ ውስጥ የቆየ እውቀት አለ፦ ወሊድ ሊገድል ይችላል፣ የተረፈችው ተምራ ነው። ሕዝቡ ይሄንን ለማወቅ ሳይንቲስት አላስፈለገውም።

ያልታወቀው ቁጥሩ ነበር። ከሺህ ወላዶች ስንቷ ትሞታለች? የትኛው መንደር ውስጥ? በምን ምክንያት? ዘንድሮ ካምናው ቀንሷል ወይስ ጨምሯል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መቁጠር ብቻ ነዋ! ግን በኢትዮጵያ መልሱን ለማግኘት አሥርት ዓመታት ፈጅቷል፤ ዛሬም አላለቀም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ቆጠራ ታሪክ ነው። በሽታና ሞት በሕዝብ መካከል እንዴት እንደሚሰራጩና ለምን እንደዚያ እንደሚሆኑ የሚያጠናው ሳይንስ ኤፒዴሚዮሎጂ ይባላል፤ የዚህ ሳይንስ አንዱ የኢትዮጵያ መነሻ ደግሞ ጎንደር ነው።

በወባ የተጀመረ ትምህርት ቤት

እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ባለው የደምቢያ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነሳ። 7 ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አብዛኞቹም የውጭ ዜጎች ነበሩ፤ የሚሠሩትም በአዲስ አበባና በጥቂት ከተሞች ነበር። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ አንድ ሐኪም አንድ በሽተኛ አልጋ ላይ አስተኝቶ ቢያክም የትም አይደርስም። መታከም የነበረበት ሜዳው ራሱ ነው፤ ረግረጉ፣ ውኃው፣ ቤቱ፣ መንደሩ።

በ1947 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ሆኖ በጎንደር ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሰልጠኛ ማዕከል ከፈተ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ የበቀለ ነው። ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ባለሙያ ያሠለጥን ነበር፦ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስ እና ሳኒታሪያን። ሦስቱ ቡድን ሆነው በአንድ ጤና ጣቢያ ይመደባሉ፤ አንድ ጤና ጣቢያም 50 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ ነበር። ሠልጣኞቹ እዚያው ወረርሽኙ በነበረበት ደምቢያ፣ ቆላድባ ጤና ጣቢያ እየሄዱ ይለማመዱ ነበር።

እዚህ ላይ ያለው ሐሳብ ትልቅ ነው። የጤና መኮንኑ ኃላፊነት በሩን አንኳኩቶ ለሚገባው በሽተኛ ብቻ አልነበረም፤ ላልመጣውም ጭምር ነበር። ያልመጣውን ለማከም ደግሞ መጀመሪያ ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ ማወቅ ግድ ይላል።

ታዲያ ወባ ለመቆጠር በአንጻሩ ይቀላል። ወረርሽኝ ሲሆን አንድ ሰሞን መንደሩን ሁሉ ያጠቃል፤ ለቅሶው ከየቤቱ ይሰማል። የወላድ ሞት እንደዚያ አይደለም። ዘንድሮ እዚህ ተራራ ሥር አንዷ፣ በዓመቱ ከወንዙ ማዶ ሌላዋ። እያንዳንዱ ሞት ለቤተሰቡ ዓለም የተገለበጠበት ቀን ነው፤ ለመንግሥት መዝገብ ግን የማይታይ።

የሆስፒታሉ መዝገብ የሚደብቀው

«ሆስፒታል ሄዶ መዝገብ ማየት ነዋ» ትሉ ይሆናል። እስቲ እንሞክረው። እንበልና በአንድ ትልቅ ሆስፒታል በዓመት 1,000 ሕፃናት በሕይወት ተወለዱ፤ 10 እናቶች ደግሞ ሞቱ። የእናቶች ሞት የሚለካው በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ስለሆነ፣ የእኛ ምናባዊ ሆስፒታል ምጣኔ 1,000 ይሆናል ማለት ነው። ይህ የአካባቢው እውነተኛ ቁጥር ነው?

አይደለም፤ በሁለት ምክንያት። አንደኛ፣ እቤታቸው የሞቱት መዝገቡ ላይ የሉም። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት 95ቱ እቤት ነው የተወለዱት። ሁለተኛ፣ እቤት በሰላም የወለዱትም መዝገቡ ላይ የሉም። ወደ ሆስፒታል በቃሬዛ የምትመጣው ምጥ ሁለት ቀን የቆየባት፣ ደም የፈሰሳት፣ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ያላት ናት። ስለዚህ ከክፍልፋዩ መስመር በላይ ያለውም ቁጥር ጎዶሎ ነው፤ ከመስመሩ በታች ያለውም ጎዶሎ ነው። ሁለት ጎዶሎ ቁጥሮች ተካፍለው የሚሰጡት መልስ ወደ ላይ ይሳሳት ወደ ታች እንኳን ማወቅ አይቻልም።

ከዚህ የባሰም አደጋ አለ። መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው «ሆስፒታል የወለዱት ከቤት ከወለዱት የበለጠ ይሞታሉ፤ ስለዚህ ሆስፒታል ይገድላል» ሊል ይችላል። ስህተቱ የት ላይ ነው? ሁለቱ ቡድኖች ከመጀመሪያው እኩል አይደሉም። ሆስፒታል የምትደርሰው ቀድሞውኑ ሞት አፋፍ ላይ ያለችው ናት። ማነጻጸር የሚያስተምረው የሚነጻጸሩት ሲመሳሰሉ ነው።

የሚገርመው ግን ሆስፒታል በእርግጥ ይገድል የነበረበት ዘመንም አለ፤ ያንን ያጋለጠውም መዝገብ ነው። በቪየና ከተማ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንዱ ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሌላው አዋላጆች ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 በሐኪሞቹ ክፍል ከወለዱት 11.4 በመቶው ሲሞቱ፣ በአዋላጆቹ ክፍል የሞቱት 2.8 በመቶ ነበሩ። ኢግናዝ ሴመልቫይስ የተባለው ሐኪም ይህን ልዩነት ይዞ ተነሳ። ልዩነቱ ከሴቶቹ የመጣ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም የምትገባበትን ክፍል የሚወስነው ሆስፒታል የመጣችበት ቀን ነበር። ዛሬ አንደኛው ክፍል ይቀበላል፣ ነገ ሁለተኛው። ሳይታሰብ ሚዛናዊ ንጽጽር ተፈጥሮ ነበር ማለት ነው። ሐኪሞቹ አስከሬን ሲመረምሩ ውለው በዚያው እጃቸው ያዋልዱ እንደነበር ተረዳ፤ እ.ኤ.አ. በ1847 እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በ1848 በዚያው ክፍል የሞቱት 1.27 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ሴመልቫይስ ዕድለኛ ነበር፤ የሚፈልጋቸው ሴቶች ሁሉ መዝገቡ ላይ ነበሩ። በሰሜን ጎንደር ደጋ ግን መዝገቡ ላይ ያሉት ከጥቂቶቹም ጥቂቶቹ ነበሩ። የቀረው አማራጭ አንድ ነው፦ ወደ ቤት መሄድ።

32 ሺህ በር

በኢትዮጵያ በር እያንኳኩ የእናቶችን ሞት በመቁጠር ረገድ ፈር ቀዳጅ የሆነው ሥራ የተሠራው በአዲስ አበባ ነው፤ በ1974 እና በ1975 ዓ.ም.። ባርባራ ክዋስት፣ ሮጀር ሮቻት እና ዶክተር ዊዳድ ኪዳነ ማርያም ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1986 አሳተሙት። ጥናቱ ከ32 ሺህ በላይ ቤተሰቦችን አዳርሷል። በሁለት ዓመት የተገኙት ሞቶች 45 ነበሩ፤ ምጣኔውም ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 566 ሆነ።

ሁለት ነገር እናስተውል። የመጀመሪያው የሥራው ብዛት ነው፤ 45 ሞት ለማግኘት 32 ሺህ በር! የእናት ሞት አሰቃቂ ቢሆንም፣ በቁጥር ሲታይ ብርቅ ክስተት ነው። ብርቅ ነገር ለመለካት ደግሞ በጣም ብዙ ሕዝብ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ያገኙት ምክንያት ነው። ከሞቶቹ መንስኤዎች ቀዳሚው ከፅንስ ማቋረጥ የመጣ ጉዳት ነበር። እንዲህ ያለው ሞት የሆስፒታል መዝገብ ላይ በሌላ ስም ሊሰፍር ይችላል፤ ጎረቤትም «ድንገት ታማ ሞተች» ይላል። ቤት ድረስ ሄዶ በጥንቃቄ የጠየቀ ብቻ ነው የሚያገኘው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ፅንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ሲያሰፋ፣ ከክርክሩ ጀርባ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ነበሩ።

«እህቶችሽ ስንት ነበሩ?»

አዲስ አበባ ላይ 32 ሺህ በር ማንኳኳት ይቻላል፤ ቤቱ ተቀራርቧል፣ መንገድ አለ። ወገራ ወይም ስሜን ላይ ግን አንድ ጎጥ ከሌላው በገደል ተለያይቶ፣ መረጃ ሰብሳቢው ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ስንት ቤት ያዳርሳል? ሥራውን የሚያቀልል ብልሃት ያስፈልግ ነበር።

ብልሃቱ የተሞከረው በሌላ የአፍሪካ አገር ነው፤ በጋምቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ1987። ዌንዲ ግራሃም፣ ዊሊያም ብራስና ሮበርት ስኖው ያወጡት ይህ ዘዴ «የእህትማማቾች ዘዴ» ይባላል። አንድን አዋቂ ሰው አራት ነገር ብቻ ትጠይቁታላችሁ፦ ከአንድ እናት የተወለዱ፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሱ እህቶችህ ስንት ነበሩ? ስንቶቹ ዛሬ በሕይወት አሉ? ስንቶቹ ሞቱ? ከሞቱት ውስጥ ስንቶቹ ያረፉት በእርግዝና፣ በምጥ ወይም ከወለዱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው?

ብልህነቱ ታያችሁ? አንድ በር አንኳኩታችሁ ስለ አንድ ቤት ሳይሆን፣ በየአገሩ ተድረው ስለሄዱ አራት አምስት ሴቶች ትሰማላችሁ። የሞተችው ራሷ መናገር ባትችልም ወንድም ወይም እህት ይናገርላታል። የእህቱን ሞት ደግሞ ማን ይረሳል? በአገራችን ይኸው ዘዴ በኢሉባቦር ገጠር ተሠርቶበት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ታትሟል። ከ2000 ጀምሮ ያሉት አገር አቀፍ ጥናቶችም የተሻሻለውን የዚህን ዘዴ መልክ ነው የሚጠቀሙት።

ድክመትም አለው። በመጀመሪያ መልኩ የሚነግረን ስለ ዛሬ ሳይሆን ከዛሬ አሥር ዓመት ገደማ በፊት ስለነበረው ነው። ጤና ጣቢያ አምና ከተከፈተ፣ ሥራው ይጥቀም አይጥቀም በዚህ ዘዴ አይታወቅም። ደግሞም እህትየው ሳትናገር የሞተችበት እርግዝና ከሆነ፣ ወንድምየው ከየት ያመጣዋል?

ዳባት፦ ሳይሞቱ በፊት መቁጠር

እስካሁን ያየናቸው ዘዴዎች ሁሉ ወደ ኋላ ነው የሚመለከቱት፤ ሞቱ ከደረሰ በኋላ ይጠይቃሉ። ወደ ፊት ማየትስ? ማለትም አንድን ሕዝብ አስቀድሞ መዝግቦ፣ ማን አረገዘች፣ ማን ወለደች፣ ማን ሞተች፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያሉ ለዓመታት መከታተል። እንዲህ ያለው ክትትል በተመራማሪዎች ቋንቋ ኮሆርት ይባላል።

በኢትዮጵያ ገጠር ይህ በቡታጅራ ተጀመረ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ። የጎንደሩ ኮሌጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ዳባትን መረጠ። ዳባት ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ናት። የተመረጠችበት ምክንያት በወረዳው ውስጥ ደጋም፣ ወይና ደጋም፣ ቆላም ስላለ ነው። ብርድ ያለበት የገብስ አገርና ወባ ያለበት የማሽላ አገር በአንድ ወረዳ! ለተመራማሪ ይህ በረከት ነው፤ በአየር ንብረትና በአኗኗር የሚለያዩ ቀበሌዎችን ጎን ለጎን ማየት ይችላል።

ሥራው እንዲህ ነው። መረጃ ሰብሳቢው እየተመላለሰ ቤቱን ይጎበኛል። ዓመተ ምሕረት ከማይታወቅበት ቤት ደግሞ ጊዜ የሚቆጠረው በክስተት ነው፦ ከ77ቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ? ኢሕአዴግ ሲገባ ልጁ ይሄድ ነበር ወይስ ይድህ ነበር? ወሊድን በተመለከተ ክርስትናም ይረዳል። በዓለም አቀፉ ትርጉም መሠረት የእናት ሞት የሚባለው ከእርግዝና ጀምሮ፣ እርግዝናው ካበቃ በኋላ እስከ 42ኛው ቀን ድረስ ከእርግዝናው ጋር በተያያዘ ምክንያት የሚደርስ ነው። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በ40ኛው፣ ሴት በ80ኛው ቀን ስለሆነ፣ «ልጁ ክርስትና ሲነሳ እናቱ ነበረች?» የሚል ጥያቄ ቀኑን በደንብ ያጠብበዋል።

ሞት ሲያጋጥም፣ ለቅሶው ከበረደ በኋላ የሠለጠነ ጠያቂ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። ምጡ ስንት ሰዓት ቆየ? ደም ፈሷት ነበር? ትኩሳትስ? እጅና እግሯ ተንቀጥቅጦ ራሷን ስታ ነበር? መልሱ ይጻፍና ሐኪሞች ለየብቻቸው አንብበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ። ይህ ቨርባል አውቶፕሲ ይባላል፤ አስከሬን ሳይነካ በቃል ብቻ የሚደረግ የሞት ምክንያት ምርመራ ነው። ጠያቂው ሐዘን ላይ ያለን ሰው ቁስል እየነካ መሆኑን ማወቅ አለበት። ያ ቤተሰብ ከጥያቄው ለራሱ የሚያገኘው ነገር የለም፤ የሚናገረው ስለ ሌላ ሰው ልጅ ብሎ ነው።

ዳባትም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። እስቲ እናስላው። 40 ሺህ ሰው የምንከታተል ከሆነና ከ1,000 ሰው በዓመት 35 ልጅ ቢወለድ፣ 1,400 ወሊድ አለን። ምጣኔው ከ100,000 ወሊድ 412 ቢሆን፣ በዓመት የምንጠብቀው ሞት 6 ገደማ ነው። በሚቀጥለው ዓመት 3 ቢሆንስ? «የእናቶች ሞት በግማሽ ቀነሰ!» ብለን ጋዜጣ ላይ እናውጣ? አይሆንም። በ6 እና በ3 መካከል ያለውን ልዩነት ዕድል ብቻውን ሊያመጣው ይችላል። በዚያ ላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት እርግዝናን መናገር ያልተለመደ ስለሆነ፣ ሳይመዘገብ የሚያልፍ ይኖራል።

ቁጥሩ ከነጥርጣሬው

አሁን አገራዊውን ምስል እንየው። በእህትማማቾች ዘዴ የተገኙት የአገር አቀፍ ጥናቶቹ ቁጥሮች (እ.ኤ.አ.) እነዚህ ናቸው፦ በ2000፣ 871፤ በ2005፣ 673፤ በ2011፣ 676፤ በ2016፣ 412። ሁሉም ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ነው።

ከ2005 እስከ 2011 ምንም አልተለወጠም? በእነዚያ ዓመታት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተሰማርተው ነበር፤ ታዲያ ለምን? መልሱ ከቁጥሩ አጠገብ በትንሽ ፊደል ከሚጻፈው ነገር ይጀምራል። 676 የሚለው ግምት ነው፤ እውነተኛው ከ541 እስከ 810 ባለው መካከል ሊሆን ይችላል። የ2016ቱም 412 ሲባል ከ273 እስከ 551 ማለት ነው። ሁለቱን ክልሎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፤ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ይነካካሉ። ከ2000 እስከ 2016 ሞቱ መቀነሱ ግልጽ ነው፤ በየመሐሉ ያለውን እያንዳንዱን እርምጃ ግን እነዚህ ቁጥሮች በትክክል ሊነግሩን አይችሉም።

ቁጥሩ ይጠረጠራል ማለት ግን ይጣላል ማለት አይደለም። ጭጋግ ውስጥ ሆናችሁ ስሜን ተራራን ብታዩት ጫፉ ባይለይ እንኳን ተራራ መሆኑን ታውቃላችሁ።

ከ«ስንት» ወደ «ለምን»

ቁጥር ብቻውን ግን ማንንም አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1994 ሰሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ወላድ የምትሞተው ሦስት መዘግየቶች ስላሉ ነው ብለው ጻፉ። አንደኛው ሕክምና ለመሄድ በመወሰን መዘግየት፣ ሁለተኛው በመንገድ መዘግየት፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን በማግኘት መዘግየት ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያ የሚሠራ አዋላጅ ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ያውቃቸዋል።

በሰሜን ጎንደር ደጋ ሦስቱም ፊት አላቸው። አማትና ባል «እስከ ማታ እንጠብቅ» ሲሉ አንደኛው ነው። ቃሬዛ የሚሸከም ጎረምሳ እስኪሰበሰብ፣ ወንዙ እስኪጎድል፣ አስፋልት እስኪደረስ ሁለተኛው ነው። ደም የሚሰጥ ወይም ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሰው ሲጠፋ ሦስተኛው ነው። መፍትሔውም እንደዚያው ይለያያል። ሁለተኛው መዘግየት የገደላትን እናት ስለ ንጽህና ማስተማር አያድናትም፤ ቀኗ ሲቃረብ ጤና ጣቢያ አጠገብ ባለ የእናቶች ማቆያ ብትሰነብት ግን ልትተርፍ ትችላለች።

የትኛው መዘግየት የት እንደሚበዛ ለማወቅ ተመራማሪዎች ሌላ ዘዴ ይጠቀማሉ፤ ኬዝ-ኮንትሮል ይባላል። የሞቱትን እናቶች፣ በዚያው አካባቢ በዚያው ጊዜ ወልደው ከተረፉት ጋር ያነጻጽራሉ። መንገዱ ለሁለቱም እኩል ሩቅ ከነበረ፣ የለያቸው ሌላ ነገር ነው። ብርቅ ለሆነ ክስተት ይህ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ከሞቱት ስለሚጀምር 32 ሺህ በር ማንኳኳት አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ደግሞ በኢትዮጵያ የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ የሚባል ሥርዓት ተዘርግቷል። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ የእናት ሞት እንደ ወረርሽኝ ይቆጠራል፤ ሪፖርት ይደረጋል፣ ይመረመራል፣ «ምን ቢደረግ ትተርፍ ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል። ሐሳቡ ከ1947ቱ የጎንደር ኮሌጅ ሐሳብ ብዙም አይርቅም፤ በሩን አንኳኩታ ያልመጣችው ሴትም የእኛ ኃላፊነት ናት።

ይህ ሁሉ ግን በቀላሉ የሚሰበር ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ድረስ ደርሶ ነበር። ጦርነት ሲመጣ ጤና ጣቢያ ይዘረፋል፣ አምቡላንስ ይቆማል፣ መረጃ ሰብሳቢ በር ማንኳኳት ያቅተዋል። እናቶች ይበልጥ የሚሞቱበት ጊዜና ቆጠራው የሚቋረጥበት ጊዜ አንድ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ክፉ ዓመት በግራፍ ላይ ባዶ ሆኖ ስታዩት ሰላም ነበር ብላችሁ አትለፉት።

በሚቀጥለው ጊዜ ዜና ላይ «የእናቶች ሞት በዚህን ያህል ቀነሰ» ሲባል ስትሰሙ፣ ከቁጥሩ በፊት ጥያቄው ይምጣ፦ ማንን ቆጠሩ? ማንን አልቆጠሩም? ቤቷ ገደል ሥር የሆነችው፣ እርግዝናዋን ለማንም ያልተናገረችው ሴት ቁጥሩ ውስጥ አለች?